«11 ወር አልቀመስኩም፤ ድኛለሁ ማለት ነው?»

ከደብተር ተቀድዶ በእርሳስ የተጻፈው የዛሬው ደብዳቤ የደረሰን በጸሐፊው እህት እጅ ነው። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ትተን ፍሬ ነገሩን እንዲህ አሳጥረነዋል።

«የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሲሆን ከመታሰሬ በፊት ለ9 ዓመት ከሜክሲኮ እየተነሣሁ ሚኒባስ ታክሲ ስነዳ ኖሬአለሁ። ከቀትር በኋላ እቅማለሁ፤ ማታ መኪናውን ካስረከብኩ በኋላ ጨብሲ ብዬ አረቄ እጠጣለሁ። በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ግን ጠዋት ጠዋትም ካልቀመስኩ እጄ እየተንቀጠቀጠ ቁልፍ ማዞር ያቅተኝ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ እንደዚያው ቀምሼ ስነዳ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ገጨሁ። ሰውየው በሕይወት ተርፏል፤ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። 2 ዓመት ከ6 ወር ተፈርዶብኝ እነሆ 11 ወር ጨርሻለሁ።

ፖሊስ ጣቢያ በገባሁ በማግስቱ ሌሊት ወድቄ ተንፈራገጥኩ። በሦስተኛው ሌሊት ደግሞ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ እያየሁ ስጮህ፣ አብረውኝ የነበሩት ሰዎች ሰይጣን ያዘው ብለው ውኃ ረጩብኝ። ሲነጋ ሆስፒታል ተወሰድኩ። ከዚያ ወዲህ አረቄም ጫትም አልቀመስኩም። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ‹እስር ቤት አዳነህ› ይለኛል። እኔ ግን በሳምንት ሁለትና ሦስት ሌሊት ስጠጣ በሕልሜ አያለሁ፤ ስነቃ ጣዕሙ አፌ ውስጥ አለ። እንቅልፍ እንደሚያጥረኝ ያየ የክፍል ጓደኛዬም ክኒን ልስጥህ ይለኛል። በአመክሮ ከተፈታሁ 9 ወር ይቀረኛል። ስወጣ አረቄውን በእርግጥ አልነካም፤ ጫቱን ግን ለሥራ እንድነቃ ያህል ብቻውን ብቅም ምን ይለኛል? እናቴ ከአሁኑ የመውጫዬን ድግስ ታስባለች። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ድኛለሁ?»

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «ድኛለሁ» የምትለዋን የመጨረሻ ቃል ጽፈው፣ ፍቀው፣ እንደገና ጽፈዋታል፤ ወረቀቱም እዚያች ቦታ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። እንደዚህ ተጨንቆ ለጠየቀ ሰው ነገር ማድበስበስ ነውር ነው። ስለዚህ በቀጥታ ልመልስልዎት። 11 ወር ከመጠጥ መራቅዎ እውነተኛ ነገር ነው፤ ማንም ሊያጣጥልብዎ አይገባም። ነገር ግን ድነዋል ብዬ ብጽፍልዎት እዋሽዎታለሁ፤ ምክንያቱም እስካሁን የጠበቁዎት የራስዎ ጥንካሬና የማረሚያ ቤቱ ግንብ አንድ ላይ ሆነው ነው፤ ከሁለቱ የትኛው ከባዱን ሸክም እንደተሸከመ ደግሞ ከግቢው እስኪወጡ ድረስ እርስዎም፣ እኔም፣ ሐኪምም በእርግጠኝነት ልናውቅ አንችልም።

ይህ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። የአእምሮ ሐኪሞች በብዙ አገር የሚገለገሉበት ዲኤስኤም-5 የተባለው የምርመራ መመሪያ፣ አንድ የሱስ ሕመምተኛ 3 ወር ያለ ምልክት ከቆየ በማገገም ላይ እንዳለ፣ 12 ወር ከሞላው ደግሞ ማገገሙ እንደጸና እንዲመዘገብለት ያደርጋል። ሰውየው ያለው መጠጡ እንደልብ በማይገኝበት ስፍራ ከሆነ ግን፣ እስር ቤትን ጨምሮ፣ «ቁጥጥር ባለበት አካባቢ» የምትል ማስታወሻ አብራ ትጻፋለች። ማስታወሻዋ ሕመምተኛውን ለማሳነስ የገባች አይደለችም፤ ቀጣዩ ሐኪም ከፊት ያለውን አደጋ እንዳይዘነጋ ነው። በዚያው መመሪያ ውስጥ እርስዎን የሚያጽናና ሌላም ነገር አለ፤ ምልክቶቹ ሁሉ መጥፋት ሲኖርባቸው አምሮት ብቻ ከዚህ ውጭ ተደርጓል፤ ማለትም መጠጥ መጠጣት ያሰኘው ሰው ስላሰኘው ብቻ ማገገሙ አይሰረዝበትም። በሚቀጥለው ወር 12 ወር ይሞላዎታል፤ ያቺን ቀን በልብዎ ያክብሯት፤ ማስታወሻዋን ግን አይርሷት።

እንግዲህ የቀሩዎትን 9 ወራት በዚህ ዓይን እንዲያዩዋቸው እፈልጋለሁ። ቀን እየቆጠሩ የሚጠብቋቸው ወራት ብቻ አይሁኑ፤ ዛሬ ግንቡ የሚሠራልዎትን ሥራ ጥቂት በጥቂት ወደ ራስዎ፣ ወደ እህትዎና ወደ እናትዎ የሚያዛውሩባቸው ወራት ይሁኑ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ወደዚሁ የሚሄድ ነው።

አስቀድሜ ግን ጣቢያ ውስጥ ስላለፉት ሌሊቶች ልናገር፤ እስከ ዛሬ በኀፍረት እንደሚያስታውሷቸው ከአጻጻፍዎ ይታወቃልና። የጣለዎትም ሆነ ጉንዳን ያሳየዎት ነገር ሰይጣን አልነበረም፤ የእብደት መጀመሪያም አልነበረም። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ ለዓመታት በየቀኑ የሚደነዝዝ አንጎል ደግሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል ራሱን ከመጠን በላይ እያነቃቃ መኖርን ይለምዳል፤ መጠጡ በአንድ ቀን ሲቋረጥበት ማደንዘዣው ይሄድና ያ ከልክ ያለፈ መነቃቃት ብቻውን ይቀራል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፤ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደ እርስዎ ወድቆ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ቀንና ሌሊት ይምታታበታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያተኩሰዋል፤ ካልታከመም ሊሞት ይችላል። ጫትና ሲጋራ በድንገት ሲቆሙ ያስጨንቃሉ እንጂ አይገድሉም፤ አልኮል ግን ይገድላል። ሕክምናው አለ፤ በሐኪም የተመጠነ ማረጋጊያ መድኃኒት፣ ፈሳሽና ቫይታሚን ቢ1 ናቸው፤ በጊዜው ከተሰጡም ብዙ ሰው ያተርፋሉ።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 እ.ኤ.አ. የተቀበላቸውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠሩት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች በ30ኛው ቁጥራቸው፣ አዲስ የገባ እስረኛ መጠጥ ወይም ዕፅ በማቋረጡ ምክንያት የሚታይበት ምልክት እንዲለይና እንደየሁኔታው እንዲታከም ይጠይቃሉ። የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21ም በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከቤተሰቡ፣ ከሃይማኖት አማካሪውና ከጠበቃው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሐኪሙ ጋር የመገናኘት ዕድል እንዲኖረው ይደነግጋል። ይህንን ማወቅ ለእርስዎ ያለፈ ነገር አይደለም። ወደ ዞናችሁ አዲስ ሰው ሲገባና እጁ ሲንቀጠቀጥ ሲያዩ፣ «ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣኸው መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው እርስዎ ይሁኑ፤ የክፍሉን አለቃ፣ ካቦውን፣ ቀስቅሰው፣ ጠባቂ አስጠርተው፣ ክሊኒክ እንዲወሰድ ያድርጉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህንን ከእርስዎ በተሻለ የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል። ሌላውን ለማትረፍ መነሣት ደግሞ የራስን ማገገም እንደሚያጸና ሱስን ባሸነፉ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ስለ ሕልሙ ብዙ አይጨነቁ። መጠጥ ያቆመ ሰው ሲጠጣ በሕልሙ ማየቱ፣ ነቅቶም «ቀምሼ ይሆን?» ብሎ መደንገጡ፣ በጣም የታወቀ ነገር ነው። እንቅልፍ መቆራረጡም ብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ አንጎል ለዓመታት ሲተኛ የኖረው በአረቄ ስለሆነ ያለ አረቄ መተኛትን እንደ አዲስ እየተማረ ነው። ከእንቅልፍዎ በድንጋጤ የነቁት ደግሞ ልብዎ መጠጡን ስላልፈለገ መሆኑን ልብ ይበሉ።

የክፍል ጓደኛዎን ክኒን ግን አይውሰዱ። ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ክኒኑ ግን የእንቅልፍ ወይም የማረጋጊያ ከሆነ አንጎል ውስጥ የሚሠራው አልኮል በሚሠራበት በዚያው መንገድ ነው፤ የሕመም ማስታገሻ ተብሎ የሚሰጠው ትራማዶልም ቢሆን በራሱ ሱስ ያስይዛል፣ እንደ እርስዎ ወድቆ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ መንፈራገጡን ሊመልስበት ይችላል። ከድጡ ወደ ማጡ ይሆንብዎታል። እንቅልፍ ማጣቱ ከበረታ ለክሊኒኩ ያመልክቱ።

አሁን ወደ ጫቱ ልምጣ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እርሱ ነውና። ጫት በአገራችን ሕጋዊ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ቅሞ መጠጥ የማይቀምስ ሰውም ሞልቷል፤ በዚህ ዓምድ የእነርሱን ልማድ የምፈርድበት ምክንያት የለኝም። ጥያቄው ግን ጫት ለሰው ሁሉ ምን እንደሚሠራ አይደለም፤ ለእርስዎ ምን ሲሠራ እንደኖረ ነው። መልሱን ራስዎ ጽፈውታል፤ «ማታ ጨብሲ ብዬ አረቄ እጠጣለሁ» ብለዋል። በጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ያነቃል፣ ያጫውታል፣ ድካምን ያስረሳል፤ ምርቃናው ሲያልቅ ግን ሰውነት እንደተወጠረ፣ እንቅልፍ እንደራቀ፣ ሐሳብ እንደተበተነ ይቀራል፤ በዚያች ሰዓት የእርስዎ እግር ለ9 ዓመት የሄደው ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ተራ ሲጠብቁ፣ ረዳትዎ የጫቱን እስር ከጋቢናው ላይ ፈትቶ ሲያካፍልዎት ያስቡት። ቅጠሉ እጅዎ ላይ ሲደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚጠጡት መለኪያ አብሮ ተቀድቷል። አንጎልዎ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር መጀመሪያና መጨረሻ አድርጎ ተምሯቸዋል፤ መጀመሪያውን ሰጥተውት መጨረሻውን ቢነፍጉት ዝም አይልዎትም።

ስለዚህ ጫቱን «ብቻውን» የሚባል ነገር ለእርስዎ የለም። ይህንን የምለው በጥብቅ ነው፤ «ለሥራ እንድነቃ» የሚለውን ምክንያት ደግሞ በተለይ እንዲጠራጠሩት እለምንዎታለሁ። ሰው ሥራ ላይ የሚነቃው ሌሊት ሲተኛ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ቀን የደከሙት ሌሊት ስላልተኙ፣ ሌሊት ያልተኙትም ቀን ስለቃሙ ነበር። ከእስር ሲወጡ ሐራራው ሊነሣብዎት፣ ዱካኩም፣ ማለትም ጫት ሲቀር የሚመጣው ቅዠት፣ ሊመለስብዎት ይችላል፤ ቅጠሉን ከሩቅ ማየት ወይም የቅጠሉ ሽታ ብቻ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ቢነሣብዎት አይደንግጡ፤ ሽንፈት አይደለም።

ለዚህ ነው ከአሁኑ ሐራራዎን እንዲያጠኑት የምፈልገው። ያቺን እርሳስ ይጠቀሙባት። መጠጥ ባሰኘዎት ቁጥር ሰዓቱን፣ ቀኑን፣ ከዚያ በፊት የሆነውን ነገርና ምን ያህል እንደቆየ በአጭሩ ይጻፉ። ከአንድ ወር በኋላ ሲያነቡት መልክ ያለው ነገር ሆኖ ያገኙታል። ጠያቂ መጥቶ ከሄደ በኋላ ያለው ሰዓት ይሆን? ቅዳሜ ምሽት ይሆን? ከሰው ጋር ተጋጭተው ዝም ካሉ በኋላ ይሆን? አንዳንዱ ሰው የሐራራው ሁሉ ሥር ንዴት መሆኑን የሚያውቀው እንደዚህ ጽፎ ሲያየው ብቻ ነው። ሌላም የሚያዩት ነገር አለ፤ ሐራራ እንደ ሞገድ ይነሣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ብዙውን ጊዜም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይወርዳል። ውጭ ሳሉ መውረዱን አይተውት አያውቁም፤ ምክንያቱም ገና ሲነሣ ያጠጡት ነበር። አሁን ግን ሳያጠጡት ሲወርድ በዓይንዎ እያዩት ነው፤ ይህንን ዕድል ውጭ ያለ ጠጪ በቀላሉ አያገኘውም።

ከዚህ ጋር የሕመምዎ ታሪክ በማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ካርድዎ ላይ እንዲሰፍር ያድርጉ፤ መጠጥ ሲያቋርጡ ወድቀው እንደነበር በግልጽ ይንገሯቸው፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ካለም ቀጠሮ ይጠይቁ። ሳል ይዞዎት 2 ሳምንት ከሞላው ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ፤ ሰው በሚተፋፈግበት ክፍል የሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ ይተላለፋል፤ መጠጥ የጎዳው ሰውነት ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል። እህትዎ ጸበል ሊያመጡልዎት እንደሚፈልጉ ነግረውኛል። ይጠመቁ፣ ይጸልዩ፤ ለብዙ ሰው ትልቅ ኃይል ሆኗል። ጸበሉ ሐኪሙን፣ ሐኪሙም ጸበሉን አይከለክልም።

ስለ ተጎዳው ሰው በደብዳቤዎ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነው። ያነሷቸው ስለከበዱዎት፣ የተዉዋቸውም ስለከበዱዎት ይመስለኛል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 እስረኛ ከቅጣቱ 2/3ኛውን ሲፈጽም በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ሲደነግግ፣ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ጥፋተኛው ያደረሰውን ጉዳት እንደ አቅሙ መካሱ ነው። ነገር ግን ለአመክሮ ብለው ብቻ እንዳያደርጉት። ሽማግሌ ይላኩ፤ እናትዎ የሚያከብሯቸው፣ ነገር የሚያለሰልሱ አንድ ሁለት ሰዎች አይጠፉም። ሰውየው ይቅርታዎን ላይቀበሉ ይችላሉ፤ መብታቸው ነው፤ ያላቸውን ቁጣ ሁሉ ሰምተው ይመለሱ። ካሳውንም በአንድ ጊዜ መክፈል ባይችሉ ከማረሚያ ቤት ሥራ ከሚያገኟት ጥቂት ገንዘብ ይጀምሩ። እንዳልተነካ ቁስል ውስጥ ውስጡን የሚያመረቅዝ ጸጸት ሰውን ወደ አረቄ ሲመልስ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ሰው የሚረሳበትን ነገር የሚፈልገው መጋፈጥ ያቃተውን ለመሸሽ ነው።

አሁን እናትዎ ወዳሰቡት ድግስ እንምጣ። ይህንን ለመጻፍ ከራሴ ቤት አንድ ነገር ማውጣት አለብኝ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በቆመበት ስፍራ በነበረው ከርቸሌ 2 ዓመት ታስሮ ሲፈታ እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ልደታ ነበር፤ አጎቴም ከእስር ቤቱ በር ተነሥቶ በእግሩ መጣ። ከመታሰሩ በፊት ጠጪ ነበር፤ በእነዚያ 2 ዓመታት ግን አልቀመሰም፤ ፊቱ ጠርቶ፣ ጉንጩ ሞልቶ ነበር የመጣው። እናቴ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ጌሾው ተወቅጦ፣ ድፍድፉ ተደፍድፎ፣ ቤቱ ሁሉ ጠላ ጠላ ይሸት ነበር። ገና ደጃፉን እንደተሻገረ በጣሳ ቀድታ በሁለት እጇ አቀረበችለት፤ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ!» እያለ እልል አለ። አጎቴ ጣሳውን ተቀብሎ ትንሽ ቆመ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ አውራ ጣቱ የጣሳውን ከንፈር ሲያሻሽ አየሁ። ከዚያ እናቴን አየት አደረጋት፣ ፈገግ አለ፣ ጠጣው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እህቱን «አልፈልግም» ብሎ ማሳፈር አልቻለም። ሲመሽ «አየር ልቀበል» ብሎ ወጣ፤ የተመለሰው በማግስቱ ሰው ደግፎት ነው። ከዚያ በኋላ 4 ዓመት ኖሮ በጉበት ሕመም ሞተ። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ለየትኛውም በዓል ጠላ አልጠመቀችም፤ ለምን እንደሆነም በቤታችን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

አጎቴ ለዚያች ቅጽበት የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ከእስር ቤት ይዞ አልወጣም። እናቴም እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያስፈልገው የነገራት ሰው አልነበረም። ለእርስዎ ግን 9 ወር አለዎት። «መጠጥ ለእኔ ሕመም ነው፤ ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለውን አሁን ይለማመዱት፤ ድምፅ አውጥተው፣ ከክፍል ጓደኛዎ ጋር እንደ ጨዋታ አድርገው ይበሉት፤ አንድ ሰው «እንዴ! አንዲት እንኳን? ለዛሬ ብቻ!» እያለ እያስጨነቀዎት እርስዎ ያንኑ ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ደጋግመው ይመልሱ። ለጋባዥ ሰው ምክንያት በበዛ ቁጥር መከራከሪያም ይበዛለታል።

ለሚፈቱበት ቀን ደግሞ ከእህትዎ ጋር በዝርዝር ይነጋገሩ። ከበር የሚቀበሉዎት እርሳቸው ብቻ ይሁኑ እንጂ የታክሲ ጓደኞችዎ በመኪና ተሰብስበው አይምጡ። ወደ ቤት የምትገቡበት መንገድ ድሮ በሚያውቁት አረቄ ቤት ደጃፍ የማያልፍ ይሁን፤ ሁለት ቅያስ ቢያዞርም ይዙር። ቤት ውስጥ ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም አይኑር፤ በኮመዲኖ ውስጥ ለእንግዳ የተቀመጠ ጠርሙስም አይኑር። ሰው ማስተናገድ የግድ ከሆነ ቡና ይፈላ፣ ሻይ ይቅረብ፣ ማር ካለም ዕለቱን የተበጠበጠ ብርዝ ይበቃል። እንግዳውም ሳይመሽ ይሸኝ።

በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ከእህትዎ ጋር ወደ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ከሠፈርዎ ብዙም አይርቅም። ዘውዲቱና ጳውሎስ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። «ደህና ነኝ፤ ሲብስብኝ እሄዳለሁ» አይበሉ፤ የሚሄዱት ደህና ሳሉ ነው። ከእስር እንደተፈቱ ያሉት ቀናት እጅግ አደገኛ ናቸው። በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት በተደረገና በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከእስር በወጡ ሰዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ውስጥ ከመጠን ያለፈ ዕፅ በመውሰድ የመሞት አደጋ ከሌላው ሕዝብ በ129 እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። ያ ጥናት በአብዛኛው ስለ ሌሎች ዕፆች ቢሆንም ምክንያቱ ለእርስዎም ይሠራል፤ ሰውነት ለወራት ካረፈ በኋላ የድሮውን መጠን መቻል ያቆማል፣ ሰው ግን የሚቀዳው ድሮ በለመደው ልክ ነው። አረቄ ከክኒን ጋር ሲደባለቅ ደግሞ እስትንፋስን ሊያቆም ይችላል።

ስለ ሥራ የምለው አጭር ነው። ቢያንስ ለአንድ ዓመት ወደ መሪው አይመለሱ፤ ሕጉ ቢፈቅድልዎት እንኳን። እዚያው ማረሚያ ቤት የሚሰጥ የሙያ ሥልጠና ካለ፣ እንጨት ሥራም ይሁን ብረት ሥራ፣ ዛሬውኑ ይመዝገቡ፤ 9 ዓመት ሙሉ በየቀኑ የቃሙበትና የጠጡበት ሥራ ላይ ሆኖ ማገገም እጅግ ይከብዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ቀን ሊወድቁ ይችላሉ። እንዲወድቁ ፈቃድ መስጠቴ አይደለም፤ ቢወድቁ ግን «በቃ፣ ሁሉም ነገር አለቀ» ብለው እንዳይተኙበት ነው። በአንዱ መለኪያና በአሥረኛው መካከል ለእህትዎ ስልክ የሚደውሉበት ጊዜ አለ። ምንም ሰዓት ቢሆን፣ ምንም ቢሸቱ፣ እንደሚያነሡልዎት ከእርሳቸው አረጋግጫለሁ፤ እርሳቸውም ቃል ገብተዋል። ለብዙ ቀናት በተከታታይ ከጠጡ ደግሞ በድንገት ብቻዎን አያቁሙ፤ የጣቢያውን ሌሊት ያስታውሱና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ይህንን መልስ እህትዎ በሚቀጥለው የጥየቃ ቀን ያነቡልዎታል። ከእርስዎ የምጠብቀው አንድ ነገር ነው። ለእናትዎ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉላቸው፤ ለመውጫዎ ጠላ እንዳይጠምቁ፣ ለምን እንዳይጠምቁ እንደሚፈልጉም፣ በራስዎ ቃል ይንገሯቸው። ድግሱን ስለማይወዱ እንዳልሆነ ያስረዷቸው፤ የሚፈልጉት የእጃቸውን ሽሮ ከሆነ ሽሮ ይበሏቸው፣ ቡና ከሆነም ቡና ይበሏቸው። ደብዳቤው በዚህ ወር ይድረሳቸው፤ እናት ለልጇ መውጫ ጌሾ መግዛት የምትጀምረው ማንም ከሚያስበው ቀድማ ነው።